የጊታር ጃክ ሲያስቸግር፦ ማጥበቅ፣ መበየድ፣ መቀየር ወይስ ለባለሙያ መስጠት?

ያገለገለ ኤሌክትሪክ ጊታር ፍለጋ ፒያሳና መርካቶን የዞረ ሰው ይህችን አባባል ያውቃታል፦ «ሌላው ሁሉ ጤነኛ ነው፤ ጃኳ ብቻ ትንሽ ታስቸግራለች።» ደስ የሚለው፣ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ጃክ ማለት ኬብሉ የሚሰካበት ቀዳዳ ነው። ኬብል በተረገጠና በተጎተተ ቁጥር ዱላውን የሚቀበለው እሱ ነው። ደስ የማይለው ደግሞ «ጃክ ነው» የምትለው ወሬ ለሌላ በሽታም መሸፈኛ መሆኗ ነው።

መንገዱ አራት ነው። ማጥበቅና ማጽዳት አለ፣ የተበጠሰ ሽቦ መበየድ አለ፣ ጃኩን መቀየር አለ፣ ጠቅልሎ ለባለሙያ መስጠትም አለ። የእኔ አቋም ከወዲሁ ይታወቅ፦ ዕቃውን ራሳችሁ ምረጡ፣ ብየዳውን ለለመደ እጅ ስጡ። ሁለቱንም ለአንድ ሰው ስትተዉ ባለሙያው ኪሱ ያለውን ዕቃ ይገጥምላችኋል። ኪሱ ያለው ደግሞ ለጊታር የተሠራ ላይሆን ይችላል።

በመጀመሪያ፣ ጃኩ ነው ወይ?

ኬብሉን ቀይሩ። የምታምኑት ኬብል ከሌላችሁ ተዋሱ። ጃክ ተብሎ ከሚከሰሰው ውስጥ ቀላል የማይባለው የኬብል ጥፋት ነው።

ኬብሉ ንጹሕ ከሆነ ጊታሩ ላይ የተሰካውን ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ ነቅንቁት። ሲነቀነቅ «ክርክር» ካለና ድምፁ ሄድ መጣ ካለ ጃኩ ነው፣ ወይም ከጃኩ ጋር የተበየደው ሽቦ ነው። ክርክሩ የሚመጣው ቮልዩሙን ስታዞሩ ብቻ ከሆነ ጃኩን ተዉት፤ የቆሸሸው ፖቱ ነው፣ ማለትም ከቮልዩም ማዞሪያው ሥር ያለው ዕቃ። የጊታሩ ድምፅ ጠፍቶ «እምምም» የሚል ድምፅ ብቻውን ከነገሠ የመሬት ሽቦው (ግራውንዱ) ተበጥሷል ማለት ነው። ያ እምምታ ከመብራት ኃይሉ 50 ኸርዝ የሚመጣ ነው፤ መሬት ያጣ ጊታር እንደ አንቴና ይለቅመዋል። ጭልጥ ያለ ጸጥታ ከሆነ ደግሞ ወይ ድምፅ የሚያወጣው ሽቦ ተበጥሷል፣ ወይ ሁለቱ ሽቦዎች የሆነ ቦታ ተነካክተዋል።

ቴስተር ያለው ሰው ግምት አያስፈልገውም። ኬብሉን ጊታሩ ላይ ሰኩ፣ አምፑን ተዉት። ቮልዩሙን እስከ መጨረሻው ክፈቱ። ቴስተሩን 20 ኪሎ ኦም ላይ አድርጉና የኬብሉን ሌላኛ ጫፍ ለኩ፤ አንዱን የቴስተር መንኪያ የሶኬቱ አፍንጫ (ሹል ጫፉ) ላይ፣ ሌላውን ግንዱ (ረጅሙ የብረት አካል) ላይ። ባትሪ በሌለው ተራ ጊታር ላይ ፒክአፑ (ከአውታሮቹ ሥር ሆኖ ድምፁን የሚለቅመው) ጤነኛ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 9 ኪሎ ኦም አካባቢ ታነባላችሁ። ቁጥሩ ጸንቶ ከቆመ የውስጡ መንገድ ደህና ነው። ጊታሩ ላይ የተሰካውን የኬብሉን ሶኬት ስትነቀንቁት ቁጥሩ ከዘለለ ጃኩን ይዛችሁታል። ዜሮ አካባቢ ከቆመ መነካካት አለ። ምንም ካላነበበ የሆነ ቦታ ተቆርጧል። ስዊቹን እያቀያየራችሁ እያንዳንዱን ፒክአፕ ለኩ።

ይህን ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩ ፊት አድርጉት። ኬብልና ቴስተር ቦርሳ ውስጥ ይገባሉ። ሶኬቱን በእጅ ደግፋችሁ ስትይዙት ሁሉም ፒክአፕ ቁጥር ከሰጠ፣ ሻጩ «ጃኳ ብቻ ናት» ያለው እውነት ነው። በዋጋ ለመከራከር ከዚህ የተሻለ ወንበር የለም። ሁለቱ ፒክአፕ ሰጥቶ አንዱ ጭጭ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ዋጋውም ሌላ መሆን አለበት።

ማጥበቅና ማጽዳት

ነጻ ነው፣ ፈጣን ነው፣ አንዳንዴም በቂ ነው። ጃኩ ቀዳዳው ውስጥ የሚዞር ከሆነ ዳዶው ላልቷል። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነገር አለ፦ ከውጭ ዳዶውን በፒንሳ ይዞ መጠምዘዝ። ዳዶው ሲዞር ጃኩም አብሮ ይዞራል፤ ጃኩ ሲዞር ሽቦዎቹ ይጠማዘዛሉ፤ ከጥቂት ዙር በኋላ አንዱ ቁርጥ ይላል። ላላ የተባለው ጃክ በዚህ መንገድ የተበጠሰ ጃክ ይሆናል።

ትክክለኛው አካሄድ ሽፋኑን በካቻቢቴ መክፈት፣ ጃኩን ከውስጥ በጣት መያዝ፣ ከዚያ ዳዶውን በልኩ ቁልፍ ማጥበቅ ነው። በጃኩና በሽፋኑ መካከል ጥርስ ያላት ሮንዴላ መኖር አለባት። ያገለገለ ጊታር ላይ ብዙ ጊዜ የለችም፤ የሆነ ሰው ከፍቶ ጥሏታል። እሷ ከሌለች ዳዶው ተመልሶ መላላቱ አይቀርም።

ከከፈታችሁ አይቀር ውስጡን እዩት። ክፍቱ ዓይነት ጃክ ከሆነ አንድ ረጅም የታጠፈ ምላስ ታያላችሁ። ኬብሉን ሰኩበትና ተመልከቱ። ምላሱ የሶኬቱ አፍንጫ ሥር ያለችው አንገት ላይ «ቀጭ» ብሎ መቀመጥ አለበት። ሳይነካ ካለፈ ወይም ለይስሙላ ከዳሰሰ ደክሟል። ኬብሉን ንቀሉና ምላሱን በጣት ወደ ውስጥ ትንሽ ግፉት። አንድ ሚሊሜትር ይበቃል። ቆሻሻ ካለ ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮል ጥጥ ላይ አድርጋችሁ ጥረጉ፣ በደንብ ይድረቅ። በብርጭቆ ወረቀት አትፈትጉት፤ ላዩ ላይ ያለውን ቅብ ትልጡታላችሁ፣ ከዚያ ዝገቱ ይፈጥናል።

የታጠፈ ምላስ ዕድሜው አጭር ነው። ቤት ለሚለማመድ ሰው ምናልባት ረጅም ጊዜ ያገለግል ይሆናል። ቅዳሜ ማታ መድረክ ላይ ለሚወጣ ግን ይህን አልመክርም። አንዴ የደከመ ብረት በድጋሚ ይደክማል፣ ሰዓቱንም እሱ ነው የሚመርጠው።

መበየድ

ጃኩ ጤነኛ ሆኖ ሽቦው ብቻ ከተበጠሰ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። አሮጌውን ሽቦ መልሶ መበየድ ይበቃል። ምን ያስፈልጋል? 40 ዋት ገደማ የሆነ ሶልደር (የሚግለው መበየጃ)፣ ለኤሌክትሮኒክስ የሚሆን ሊድ (የሚቀልጠው ሽቦ)፣ የሚይዝላችሁ ፒንሳ። 60 በ40 የሚባለው ሊድ ከ183 ዲግሪ ጀምሮ መቅለጥ ይጀምራል፤ ሶልደሩ ግን ከዚያ በጣም መሞቅ አለበት፣ አለበለዚያ ጃኩ ሙቀቱን ይጠጣና ሊዱ እንደ ቀዘቀዘ ገንፎ ይቋጠራል። መጀመሪያ ሽቦው የሚበየድበትን የጃኩን ብረት ራሱን አሙቁ፣ ከዚያ ሊዱን እዚያው ብረት ላይ አስነኩ። ሲያበራ ይዟል። ደብዝዞና ተኮማትሮ ከቀረ አልያዘም። ለቧንቧ የሚሸጥ አሲድ ያለው ፍለክስ (ሊዱ እንዲይዝ የሚቀባ) ግን ጊታር አጠገብ አይድረስ፤ ሽቦውን ውሎ አድሮ ይበላዋል።

የትኛው ሽቦ የት እንደሚገባ በቀለም አትመኑ። ጥቁር መሬት፣ ነጭ ወይም ቀይ ድምፅ መሆኑ የተለመደ ነው። ያገለገለ ጊታር ግን ከእናንተ በፊት ስንት እጅ እንደከፈተው አይታወቅም። መሬቱ ከቮልዩም ፖቱ ጀርባ የሚመጣው ነው። ጃኩ ላይ ደግሞ ኬብል ሰክታችሁ እዩ፦ አፍንጫውን የሚነካው ምላስ የተያያዘበት ጆሮ (ሽቦ የሚበየድበት ብረት) የድምፁ ነው፤ ግንዱን የሚያቅፈው ቀለበት የተያያዘበት ጆሮ የመሬቱ ነው። ምንም ከመንካታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ።

ሶልደር ይዞ የማያውቅ ሰው የመጀመሪያ ልምምዱን ጊታር ላይ ባያደርግ ጥሩ ነው። የተጣለ ቻርጀር ፈትቶ እዚያ ላይ ይሞክር። ሶልደር ከገዛችሁ ግን ኬብላችሁንም ስለምትጠግኑበት ዋጋውን በቶሎ ያወጣል።

መቀየር፦ የትኛውን ጃክ?

እዚህ ነው ጉዳዩ የሚሰፋው። ቀዳዳው በዓለም ዙሪያ አንድ ነው፤ ሩብ ኢንች፣ ማለትም 6.35 ሚሊሜትር። መነሻው የድሮ የስልክ ማዞሪያ ቤት ነው። ቀዳዳው አንድ ይሁን እንጂ የጃኩ አካል አንድ አይደለም።

መርካቶ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ከሚሸጡት ዘንድ የምታገኙት በአብዛኛው የቻይና ነው። ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ክፍቱ ነው፤ ምላሱ ይታያል። ሁለተኛው በጥቁር ፕላስቲክ ሳጥን የተዘጋ ነው። ምርጫ ካላችሁ ክፍቱን ውሰዱ። ሲደክም ታጥፉታላችሁ፣ ሲቆሽሽ ትጠርጉታላችሁ፣ ሲበላሽ ምን እንደሆነ ታያላችሁ። የተዘጋው ሲበላሽ መጣል ብቻ ነው። በዚያ ላይ የፕላስቲኩ ዓይነት በብየዳ ሙቀት ጆሮው ይላላል። ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ ኬብላችሁን ሰክታችሁ ሞክሩ። ጥሩ ጃክ ሶኬቱን ሲቀበል ይሰማችኋል፣ ሲለቅም ይከራከራል። ቅቤ ላይ እንደገባ ቢላ ዘው ካለ ለባለ ሱቁ መልሱለት፤ ሌላ ያወጣል። ከአንድ ሳጥን ውስጥ አምስቱ ጥሩ፣ ሦስቱ የላላ መሆኑ ያለ ነው።

ኦሪጂናል የሚባለው ከሁሉም በላይ የአሜሪካው ስዊችክራፍት ነው፤ ብዙ የጊታር ፋብሪካዎች የሚገጥሙት እሱን ነው። የሊክተንስታይኑ ኑትሪክም አለ። ፒዩር ቶን የሚባለው ደግሞ አፍንጫውንም ግንዱንም በሁለት በሁለት ምላስ ይይዛል። እነዚህን ፒያሳ የሙዚቃ መሣሪያ ከሚሸጡት ጠይቁ፤ ከፒያሳ መፍረስ ወዲህ ብዙ ሱቅ ቦታ ስለቀየረ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ። ካልተገኘ የተለመደው መንገድ አለ፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ። አሜሪካ ውስጥ አንዱ ስዊችክራፍት ከ10 ዶላር በታች ነው፣ ክብደቱም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 2016 ላይ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ እዚህ ያለው የውጭ ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ «እትዬ፣ ለእኔ ቡና ቤት እንኳን እንዳትጋብዢኝ፣ ሁለት ጃክ ብቻ አምጪልኝ» ብሎ መለመን ነውር የለውም። ሁለት ይምጣ፤ አንዱ ለጓደኛ ይሆናል።

ኦሪጂናሉ ብልጫው የምላሱ ጥንካሬ ላይ ነው። የድምፅ ለውጥ የሚያመጣ አይምሰላችሁ። ጤነኛ የቻይና ጃክና ጤነኛ ስዊችክራፍት በጆሮ አይለዩም። የሚለዩት በዕድሜ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቃት ወጥመድ አለች። ስዊችክራፍት በኢንች የተሠራ ነው፤ ክሩ ሦስት ስምንተኛ ኢንች፣ 9.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ብዙዎቹ የእስያ ጃኮች 9 ሚሊሜትር ናቸው። ርካሽ ጊታር ላይ ያለው የሽፋን ቀዳዳ ለ9 ነው የተበሳው። ስለዚህ ዘመድ ያመጣላችሁ ጃክ አልገባ ቢል አትደንግጡ። ሽፋኑን ከጊታሩ ፈትታችሁ አውጡና ቀዳዳውን በክብ ሞረድ ዙሪያውን እኩል አስፉ። በትራፓኖ አትቸኩሉ፤ ቀጭን ብረት ይይዝና ያጣምማል። በተገላቢጦሹ ደግሞ የኢንች ቀዳዳ ላይ የእስያ ጃክ ከገጠማችሁ ትንሽ ይዋልላል፣ ግን በሮንዴላ ይስተካከላል። ዳዶዎቹ አይወራረሱም። የአሮጌውን ዳዶ ለአዲሱ አገባለሁ ብላችሁ ክሩን እንዳትበሉት።

ምን አለሽ ተራ ከአሮጌ ሚክሰር ወይም አምፕ ጃክ ነቅሎ መጠቀም የሚያስቡ አሉ። ሐሳቡ ይማርካል። ችግሩ የእነዚያ ጃክ አብዛኛው ለኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ (ሰርኪዩት ቦርድ) የተሠራ፣ እግሩ ወደ ታች የሆነ፣ በፕላስቲክ የታሸገ ነው። ጊታር ውስጥ አይመችም። ረጅም ሽቦ የተበየደበት ክፍት ጃክ ካገኛችሁ ግን ውሰዱት።

የጊታሩ ዓይነት ይወስናል

የስትራቶካስተር ቅርጽ ላለው ጊታር ከሁሉም ይቀላል። ጀልባ የመሰለችውን ሽፋን ሁለት ቪቴ ፈትታችሁ ታወጣላችሁ። ጉድጓዱ ግን ጠባብ ነው። አዲሱ ጃክ ምላሱ ከጎኑ ካለው ፎይል ወይም ኤሌክትሪክ ከሚያስተላልፈው ጥቁር ቀለም ጋር ከተነካካ፣ ኬብል ስትሰኩ ብቻ ድምፁ ይጠፋል። ሰው «አዲሱም ተበላሽቷል» ይላል። ጃኩን ሩብ ዙር አዙሩት፣ ወይም ጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ናስትሮ ለጥፉ።

የሌስ ፖል ዓይነቱ ከጎን አራት ቪቴ ያለው ሳህን አለው። ሳህኑ ፕላስቲክ ከሆነ አንድ ቀን ይሰነጠቃል፣ ጃክ ስትቀይሩ በብረት ቀይሩት። የቪቴው ቀዳዳ ከሰፋ ስቴኪኒ ኮላ ነክራችሁ ክተቱበት፣ ሲደርቅ ቆርጣችሁ መልሳችሁ እሰሩ።

ብዙ ኢባኔዝና መሰሎቹ ላይ ያለው እንደ ቱቦ ረጅም የሆነ ጃክ ነው። ይኼኛው አይታጠፍም፣ አይጸዳም ማለት ይቻላል። ምላሱ ቱቦው ውስጥ ነው። ሲደክም መቀየር ብቻ ነው ያለው፣ የሚቀየረውም በመሰሉ ነው። ከመርካቶ የሚመጣው ተራ ጃክ እዚያ ቀዳዳ ውስጥ አይቆምም። ለዚህ ዓይነት ጊታር ያለ ማንገራገር ከውጭ አስመጡ።

ባትሪ ያለው ጊታር ወይም ቤዝ ከሆነ ጆሮውን ቁጠሩ። ሦስት ጆሮ ያለው ስቴሪዮ ጃክ ነው። ሦስተኛዋ ጆሮ ለድምፅ አይደለችም፤ ኬብል ሲሰካ የ9 ቮልቱን ባትሪ የምታበራ ማብሪያ ናት። ባለሙያው «ሞኖ ይበቃዋል» ብሎ ሁለት ጆሮ ከገጠመላችሁ ወይ ጊታሩ አይናገርም፣ ወይ ባትሪው ቀንም ሌሊትም ሲያልቅ ይኖራል።

ሆዱ ባዶ የሆነውን፣ ኤፍ ቀዳዳ (የእንግሊዝኛ f የመሰለ ቀዳዳ) ያለውን ጊታር ለብቻው ነው የማየው። ጃኩን ለማውጣት ዳዶውን ፈትታችሁ ወደ ሆዱ መጣል፣ በኤፍ ቀዳዳው ማውጣት፣ ከዚያ መልሶ በቀዳዳው መሳብ ነው። ጃኩን ከመጣላችሁ በፊት ክር እሰሩበት፣ የመመለሻ መንገዱ ያ ክር ነው። ትዕግሥት የሌለው ሰው አይሞክረው። ለዚህ ዓይነት ጊታር ብቻ ዕቃውንም ሥራውንም ጊታር ለለመደ ሰው አንድ ላይ መስጠት ያዋጣል።

ለማን ልስጠው?

የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ብዙ ጊዜ ራሱ አይሠራውም፣ ወደሚያውቀው ሰው ይልከዋል። መሐል ላይ የሚጨመረውን እናንተ ትከፍላላችሁ፣ ጊታሩም ስንት ቀን እንደሚከርም አይታወቅም።

ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ እጁ ንጹሕ ነው፣ ብየዳው ያምራል፣ ክፍያውም ለከት አለው። የማያውቀው ጊታሩን ነው። የእንጨት አካል ላይ ሶልደር እያስቀመጠ ቀለም ሲያቃጥል፣ ሽቦውን በማሳጠር ሽፋኑ እንዳይከፈት ሲያደርግ የሚገኘው ለዚህ ነው። ዕቃውን ገዝታችሁ፣ ፎቶውን አሳይታችሁ ከቀረባችሁት ግን ለዚህ ሥራ አንደኛ ነው። «ጋሼ፣ ጃኩ ይኸው። ይቺ የድምፅ፣ ይቺ የመሬት። ሽቦውን እንዳያሳጥሩብኝ፣ እንጨቱ ላይም ጨርቅ ጣል ያድርጉበት» ካላችሁት ጋሼ አይቀየሙም፣ እንዲያውም ደስ ይላቸዋል።

ሦስተኛው ወገን ሰው የሚረሳው ነው። የቸርች ሳውንድ ማንና ኤሌክትሪክ ክራር የሚሠሩ ሰዎች። ሳውንድ ማን በየሳምንቱ ኬብል ሲበይድ ነው የሚውለው። ክራር ላይ ፒክአፕ የሚገጥም ሰው ደግሞ የሚጠቀመው ያንኑ ሩብ ኢንች ጃክ ነው፣ እንጨት መያዝም ያውቃል። እኔ መምረጥ ካለብኝ ወደ እነዚህ ነው የምሄደው።

ማንም ይሥራው፣ ሳትከፍሉ ሞክሩ። የራሳችሁን ኬብል ሰኩ፣ ነቅንቁ፣ አንዴ ንቀሉና መልሱ። ከዚያ አውታሩን በእጃችሁ ንኩ። ስትነኩት እምምታው ከቀነሰ ሥራው ትክክል ነው። ስትነኩት ከጨመረ ሁለቱ ሽቦዎች ተገላብጠው ተበይደዋል። ሶልደሩ ገና ትኩስ ስለሆነ እዚያው ቆማችሁ እያላችሁ ያስተካክሉላችኋል።